ሞአና ሁለት ከአንደኛው ይበልጣል ያለው ማን ነው?

ጦሳ ስር፦
ሰላም ጀመዓ። ቅዳሜ ሬዲዮ ላይ ስለ ፊልም የሚያወራው ልጅ «ሞአና ሁለት ከመጀመሪያው ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ቢሊዮን ዶላር ያስገባን ፊልም ደካማ ማለት ምቀኝነት ነው» ሲል ሰማችሁት? ምቀኝነት! እኔ ደሴ ቁጭ ብዬ ዲዝኒን ነው የምመቀኘው?
ሁለቱንም የዲዝኒ ካርቱኖች፣ የደሴቷን ልጅ ሞአናን በባሕር የሚከተሉትን፣ ከልጆቼ ጋር ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው ፊልም ነው። ሁለተኛው ተከታታይ ድራማ ተቆራርጦ የተሰፋ ነው። ከኪሴ አውጥቼ አይደለም የምለው። በፈረንጆቹ 2020 ለዲዝኒ ፕላስ፣ ለኢንተርኔት ቻናላቸው፣ የሞአና ተከታታይ እንሠራለን ብለው አስታወቁ። በ2024 ፌብሩዋሪ የዲዝኒ የያኔው አለቃ ቦብ አይገር ብቅ ብሎ «ተከታታዩ ቀርቶ ሲኒማ ቤት ይገባል» አለ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወጣ። እኔ እንጀራዬ ኤዲቲንግ ነው። የሦስት ቀን ሠርግ ጥሬ ምስል ይዘው መጥተው «አንድ ሰዓት አድርግልን» ሲሉኝ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ጭፈራው ሁሉ ይገባል፤ የሙሽራዋ እናት በር ተደግፋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን የጠረገችበት ግን ተቆርጦ ይወድቃል። ሞአና ሁለት ላይ ያየሁት ይሄንኑ ነው።

የሸዋበር እናት፦
አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ሠርግ ታደርገዋለህ። ፊልሙ ለልጅ አይደል እንዴ የተሠራ? ትንሿ ልጄ ያቺ የሞአና ታናሽ እህት፣ ሲሜያ፣ ብቅ ባለች ቁጥር «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» እያለች ከሶፋ ትዘላለች። የመጀመሪያው ላይ ለሷ የሚሆን ማን ነበር? ዶሮው? ልጅ ከሳቀ በቃ። አንተን እንዲያስለቅስህ አልሠሩትም።

ቦርከና፦
አንድ ለዜሮ፣ ሸዋበር መራች። ጦሳ ስር፣ ውረድና ኮምቦልቻ ቡና እንጋብዝህ፤ የደሴ ብርድ አስቆጥቶሃል። ሁለተኛው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። የመጀመሪያው ከ600 ሚሊዮን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሂሳብ አይዋሽም።

ጦሳ ስር፦
ሂሳቡ የማን እንደሆነ ግን ይታወቅ። በ2023 አሜሪካ ውስጥ በስትሪሚንግ፣ ማለትም በኢንተርኔት፣ ከታዩ ፊልሞች ሁሉ አንደኛ የወጣው የትኛው ነው? የ2016ቱ ሞአና! ተመልካች በሚቆጥረው ድርጅት በኒልሰን ቆጠራ 11.6 ቢሊዮን ደቂቃ። ከወጣ ሰባት ዓመት ያለፈው ፊልም አዲሶቹን ሁሉ ጥሎ ማለት ነው። ሰው በ2024 ትኬት የቆረጠው ያንን ወዶ ነው፤ አዲሱን ገና አላየውማ። አንደኛው የዘራውን ሁለተኛው አጨደ።
እህቴ፣ «ልጅ ከሳቀ በቃ» ላልሽው እመለስበታለሁ፤ አላለፈኝም።

የመርሳ ብርቱካን፦
እና ቢሊዮኑ የአንደኛው ነው ማለት ነው ኪኪኪ። ለሬዲዮው ልጅ ደውሉለት፣ ይመልስ።

ባቲ ሰኞ፦
ገንዘቡን ለባለገንዘቡ ተዉትና ዘፈኑን ስሙ። የመጀመሪያውን ዘፈኖች ሊን ማኑኤል ሚራንዳ፣ ኦፔታያ ፎአይና ማርክ ማንሲና ነበሩ የሠሩት። ሁለተኛው ላይ ሚራንዳ የለም፤ በሱ ወንበር አቢጌል ባርሎውና ኤሚሊ ቤር ተቀመጡ። ግራሚ የወሰዱ ልጆች ናቸው፤ አልንቃቸውም። እኔ ሠርግ ቤት ኪቦርድ የምነካ ሰው ነኝና የምሰማውን ልንገራችሁ።
አንደኛው ላይ ሞአና ባሕሩ ዳር ቆማ የምትዘፍነው አለ አይደል፣ «ምን ያህል እርቃለሁ» የምትለው? ያ ዜማ ታንኳዋን ገፍታ በሌሊት ስትወጣ ይመለሳል። ኋላ ያ ግማሽ አምላክ ማዊ ጥሏት ሄዶ፣ አያቷ በመንፈስ መጥታ ባነጋገረቻት ሌሊት ደግሞ ይመለሳል። ዜማው ያው ነው፤ ልጅቷ ግን ያቺ አይደለችም። መጀመሪያ የጠየቀችበትን ዜማ መጨረሻ ላይ መልስ ትሰጥበታለች። ዘፈን ታሪክ ሲሸከም እንዲህ ነው። ሁለተኛው ላይ ዘፈኑ ሲጀምር ታሪኩ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲያልቅ ካቆመበት ይቀጥላል።

የሸዋበር እናት፦
ይሄን ሁሉ የምትለው ልጄ ቀኑን ሙሉ የምትዘፍነውን ሳትሰማ ነው። እንግሊዝኛ አታውቅም፣ ዜማው ግን ከአፏ አይጠፋም። ከሁለተኛው ነው።

ባቲ ሰኞ፦
የቱን ነው የምትዘፍነው?

የሸዋበር እናት፦
«ቺሁ! ቺሁ!» የሚለውን።

ባቲ ሰኞ፦
ኧረ በማርያም! እህት ዓለም፣ እሱ ጩኸት ነው፤ ዜማ አይደለም። ማዊ ሞአናን አይዞሽ ለማለት የሚጮኸው ነው። ልጅ «ቺሁ» አለች ተብሎ ዘፈኑ ዘለቀ አይባልም።

የሸዋበር እናት፦
እንዴ! እስክስታ ላይ «እሰይ» የሚለው ጩኸት ከዘፈኑ ውስጥ አይቆጠርም በለኛ! አንተው አይደለህ ማይክ ይዘህ የምታስጮኸን?

ቦርከና፦
ሁለት ለዜሮ ቅቅቅቅ። ባቲ ሰኞ፣ ኪቦርድህን ዝጋ።

ባቲ ሰኞ፦
ዘፈን ውስጥ ጩኸት አለ፤ ዘፈን በሙሉ ጩኸት ሲሆን ነው ነገሬ። ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁለተኛው ላይ ፀጉሬን ያቆመኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መጨረሻ ላይ ታንኳዎቹ ሲሰበሰቡ የፎአይ «መንገዱን እናውቃለን» ሲመለስ። ያ ዘፈን ደግሞ የ2016 ነው። አዲሱ ፊልም ካለው ሁሉ ምርጡ የተበደረው ነው!

ቦርከና፦
ነገሩ ገብቶኛል። እናንተ ፊልሙን አይደለም የምትወዱት፤ ያን ጊዜያችሁን ነው። ወጣት ነበራችሁ፣ ኑሮ ርካሽ ነበር፣ ልጆቻችሁ ገና ይሰሟችሁ ነበር። ትዝታ ነው የያዛችሁ፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ባቲ ሰኞ፦
ትዝታን እንደ ስድብ የሚጠቀም ወሎዬ ዛሬ ገና አየሁ። የባቲንና የአምባሰልን ቅኝት ለአገር በሰጠ ምድር ተቀምጠህ! ሰው ትዝ የሚለው የቆየ ነገር ሁሉ አይደለም፤ ትዝ ሊል የሚገባው ነው። ያኔ የወጣ ስንት ካርቱን አለ፤ ለየትኛው ተከራከርኩልህ?

ሐይቅ ዳር፦
ዝም ብዬ ልወጣ ነበር፣ ትዝታ ስትሉ ገባሁ። በእኛ 2014 ከቤት ወጥተን ደብረ ብርሃን ሰው ቤት ተጠግተን ሳለን ስልኬ ላይ የነበረው ፊልም የመጀመሪያው ሞአና ብቻ ነበር። የእህቴ ልጆች አንዷን ጆሮ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለው፣ አንዱ በቀኝ ጆሮው አንዷ በግራ ጆሮዋ፣ ባትሪው እስኪያልቅ ያዩት ነበር። እንግሊዝኛው አይገባቸውም፤ እኔ ነበርኩ እየተረጎምኩ የምነግራቸው። ያቺ እሳት የምትተፋው ጭራቅ፣ ቴ ካ፣ ልቧን ማዊ የሰረቃት አረንጓዴዋ ቴ ፊቲ ራሷ መሆኗ የተገለጠ ጊዜ ትልቁ ልጅ ማዳመጫውን አውጥቶ «እና ክፉ አልነበረችማ? ተሰርቃ ነው?» አለኝ። ስልኩን አስቀምጦ ግድግዳ ግድግዳውን ያይ ጀመር።
ቦርከና፣ ይሄን ትዝታ ካልከው በልልኝ።

ቦርከና፦
ወንድሜ፣ ለዚያ ጊዜ ያለኝን ክብር ታውቃለህ፤ እኛም አንድ መንገድ ነው የወጣን። ግን አንተው መሰከርክልኝ። ያ ፊልም እንዲህ የከበደብህ ያየህበት ጊዜ ከብዶ ነው። ሁለተኛውን በሰላም ጊዜ፣ ሶፋ ላይ፣ ፈንዲሻ ይዘህ አየኸው። ሚዛኑ እኩል አይደለም።

ሐይቅ ዳር፦
ልጁ የጠየቀው ጥያቄ ከደብረ ብርሃን አልመጣም፤ ከፊልሙ ነው የመጣ። ጠላት ብለን የሸሸናት ራሷ የተበደለችው ናት ብሎ የነገረው ፊልሙ ነው። ሁለተኛው ላይ ጠላቱ ማን ነው? ናሎ የሚባል የማዕበል አምላክ። ፊቱን የምናየው መቼ ነው? ፊልሙ አልቆ የሠራተኞቹ ስም መውረድ ከጀመረ በኋላ! እስከዚያ ድረስ ደመናና መብረቅ ነው። ልጄ ስለ ደመና ምን ብሎ ይጠይቀኝ?

የመርሳ ብርቱካን፦
«ነገ ይዘንባል?» ኪኪኪ

አቡ ሰልማ፦
አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሞችና እህቶች። የዘለላችሁት ነገር ስላለ ነው የገባሁት። እናንተ ዘፈን ትላላችሁ፣ ገንዘብ ትላላችሁ፤ ሁለተኛው መጨረሻ ላይ ልጅቷ ግማሽ አምላክ ሆና ነው የምትነሣው። ልጆቼ አጠገቤ ተቀምጠው ሰው አምላክ ሲሆን ያያሉ፤ እኔ ምን ልበላቸው? ወላሂ ዘጋሁት። የመጀመሪያው ላይ ማዊ ነበረ፣ እሺ፣ ተረት ነው ብዬ አለፍኩት። ልጅቷ ግን ሰው ነበረች።

የሸዋበር እናት፦
አቡ ሰልማ፣ ያው ሁለቱም ተረት ነው እኮ። አያቶቻችን የነገሩን ተረት ውስጥ ስንት የሚናገር ጅብ አለ፤ ማንም ከሃይማኖቱ አልወጣበትም።

አቡ ሰልማ፦
ጅብ ተናገረ ማለት ሌላ፣ ሰው አምላክ ሆነ ማለት ሌላ ነው እህቴ። ሐራም ሐላል ልፈርድባችሁ አልመጣሁም፤ በቤቴ ያደረግኩትን ነገርኳችሁ።

ጦሳ ስር፦
አቡ ሰልማ በሃይማኖት በኩል የያዘውን እኔ በታሪኩ በኩል ልያዘው። የመጀመሪያው የቆመው ልጅቷ ምንም ኃይል የሌላት መሆኗ ላይ ነው። ማዊ መንጠቆ አለው፣ ባሕሩ ነፍስ አለው፣ ቴ ካ እሳት አላት። እሷ ያላት አንድ መቅዘፊያና አሳማ የምትወድ ልብ ነው። በመጨረሻ ያሸነፈችው ተዋግታ አይደለም፤ ባሕሩ እንዲከፈት አድርጋ ጭራቋ ወደሷ እየተንደረደረች ሳለ በእግሯ ወደፊት ሄዳ ነው። ሰው ስለሆነች ነው ያማረው። ሁለተኛው ምን አደረገ? ሰው መሆኗ የበቃ አልመሰለውም፤ ንቅሳት ጨምሮ ኃይል ሰጣት። ልዕለ ጀግና አድርጎ ለቀጣዩ ክፍል አዘጋጃት።

የሸዋበር እናት፦
የኔ ልጅ እኮ የመጀመሪያው ላይ አያትየዋ ስትሞት እናቴ ጋ ሄዳ እጇን ይዛ «እማዬ፣ አንችም ትሞቻለሽ?» አለቻት። እናቴ ምን እንደምትመልስ ጠፍቷት ወደኔ ታያለች። በግድ ነው ያስተኛኋት። እኔ ልጄን የማያስደነግጥ ፊልም ብወድ ወንጀል ሆነ?

ጦሳ ስር፦
ሁለተኛው ላይ እኮ ሞአና ራሷ ነች የምትሞተው! መብረቅ መትቷት ባሕር ሥር ወድቃ!

የሸዋበር እናት፦
ወዲያው ትነሣለቻ!

ጦሳ ስር፦
ችግሩ እሱ ነዋ! ችግሩ ራሱ እሱ ነው! የመጀመሪያው ላይ አያት ታላ ትሞታለች፤ አትመለስም። መንፈሷ በባሕሩ ላይ እንደ ትልቅ የሚያበራ ዓሣ ሆኖ ይሸኛታል እንጂ ሴትዮዋ ቤት አትመለስም። ልጅሽ አያቷ ጋ ሄዳ የጠየቀችው ፊልሙ እውነቱን ስለነገራት ነው። ሁለተኛው ላይ ዋናዋ ሰው ሞታ፣ ማዊ አልቅሶ፣ ቅድመ አያቶች መጥተው ዘፍነው፣ ተነሥታ አበቃ። ልጅሽ ምንም አልጠየቀችሽም፤ ምክንያቱም ምንም አልሆነም። እና «ልጅ ከሳቀ በቃ»? ልጅ ሄይሄይ ድንጋይ ሊውጥ ሲታገልም ይስቃል። ለዶሮው ሳቅማ የመጀመሪያውም አላነሰም። የመጀመሪያው ያስቃል፤ ከዚያ ደግሞ እናትሽን እጇን ያስይዛል።

ቦርከና፦
እሺ ዳኛ። አሁን ሴትዮዋ አንድ ቃል ስለተናገረች ችሎት ልታቆማት ነው?

የሸዋበር እናት፦
ተወው፣ ይያዛት። እኔ ያልኩት «ልጅ ከሳቀ በቃ» ነው፤ «ልጅ ካልሳቀ ይገደል» አላልኩ። ሥራ ውዬ ገብቼ፣ እራት ሠርቼ፣ የሌላ አገር አያት ሞት ለልጅ ማስረዳት የማልፈልግበት ቀን አለ። ያን ቀን ሁለተኛውን እከፍታለሁ። ለፊልምም እኮ ሰዓት አለው።

ሐይቅ ዳር፦
ይሄ ሐቅ ነው። ግን «ሁለተኛው ይበልጣል» ከሚለው ጋር አንድ አይደለም። ሲደክምሽ የምትከፍችው እሱን ነው ማለት ነው፤ ለዚህ የሚቃወምሽ የለም።

የሸዋበር እናት፦
ይበልጣል ያልኩት መቼ ነው? ይበልጣል ያለው የሬዲዮው ልጅ ነው! እኔ ልጄ ትስቃለች ነው ያልኩ!

የመርሳ ብርቱካን፦
እና ማንም ሰው ሁለተኛው ይበልጣል ሳይል ነው ይሄን ሁሉ የተሰደባችሁት?

ቦርከና፦
እኔ እላለሁ። ይበልጣል። የሚመጣ ይምጣ።

መምህር ከወልዲያ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሁሉንም አነበብኩ። ቦርከናን ብቻውን አልተወውም።
የመጀመሪያው ፊልም የቆመው በአንድ እውነተኛ እንቆቅልሽ ላይ ነው። የፖሊኔዥያ ሰዎች ከዛሬ ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቶንጋና ሳሞአ ደረሱ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ መጓዙን ለረጅም ዘመን አቆሙት። ቆይቶ ደግሞ እንደገና ተነሡና ታሂቲ፣ ሃዋይ፣ ኒውዚላንድ ደረሱ። ለምን ቆሙ፣ ለምን ተነሡ የሚለውን ምሁራን ዛሬም ይሟገቱበታል። ፊልሙ ይህን ጥያቄ ወስዶ ለአንዲት ልጅ አሸከማት። አያቷ ወደ ዋሻው አስገብታ የተደበቁትን ታላላቅ ታንኳዎች ያሳየቻት ትዕይንት ከዚህ የመጣ ነው። ግሩም ነው፣ እስማማለሁ።
ሁለተኛው ግን ቀጣዩን ጥያቄ ነው ያነሣው፦ ከተነሡ በኋላ በዚያ ሁሉ ውሃ የተበታተኑት ሰዎች እንዴት ተገናኙ? ሞቱፌቱ የምትባለው ደሴት የሁሉም መንገድ መገናኛ ነበረች፤ ናሎ ሰው ሲተባበር እንዳይበረታ ብሎ አሰጠማት። ይህ ከአንዲት ልጅ ማንነት የሚሰፋ ነገር ነው። በ1976 ሆኩሌአ የምትባለው ባለ ሁለት ቀፎ ታንኳ ከሃዋይ ተነሥታ ታሂቲ ስትደርስ ማው ፒያይሉግ ያለ ኮምፓስ፣ ኮከብና የማዕበል አቅጣጫ እያየ ነበር የመራት። በዚያች ጉዞ ተስፋቸው የታደሰ ሕዝቦች አሉ። በሁለተኛው መጨረሻ ታንኳዎች ከየአቅጣጫው ሲመጡ እኔ ያየሁት ያንን ነው። ሕዝብ ከሕዝብ መገናኘቱ የልጅ ጨዋታ ነው የምትሉ ከሆነ፣ እኛ ወሎዬዎች ስንት ዘር፣ ስንት ሃይማኖት በአንድ መሶብ የምንበላ ነን ብለን የምንኮራውን እናቁም።

ጦሳ ስር፦
መምህር፣ አክብሬዎት ነው የምናገረው። ጥያቄው ትልቅ ነው፤ ፊልሙ ግን አልጠየቀውም። ያ የሰው ሁሉ መገናኘት መጨረሻ ላይ በአንድ ምስል ነው የሚመጣ፤ ከየት እንደመጡ፣ ምን ቋንቋ እንደሚናገሩ፣ ለምን እንደተለያዩ አንድም ሰው አናውቅም። መንገድ ላይ አብረዋት የሄዱትን ሦስቱን እንውሰድ። ሎቶ ታንኳ ትሠራለች፣ ኬሌ ሽማግሌ ገበሬ ነው፣ ሞኒ የማዊ አድናቂ ነው። ከዚህ ሌላ ምን ያውቃሉ ስለነሱ? የሽማግሌው ቤተሰብ የት ነው? ሎቶ ምን ትፈራለች? ከተከታታይ ድራማው የተረፉ ሰዎች መሆናቸው ይታወቃል። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ክፍል ሊኖራቸው ታስበው ነበር፤ ፊልም ሲሆን አንድ አንድ ቀልድ ይዘው ቀሩ።

መምህር ከወልዲያ፦
እያንዳንዳቸው ክፍል ሊኖራቸው ነበር የሚለውን ከየት አመጣኸው? መገመት ነው።

ጦሳ ስር፦
መገመት ነው፣ እሺ። ግን ኤዲተር ነኝ፤ ስፌቱ የት እንዳለ አያለሁ። ማታንጊን ይዩ። ከሌሊት ወፎቿ ጋር ትመጣለች፣ የፊልሙን አሪፍ ዘፈን ትዘፍናለች፣ ማዊን አስራ ይዛ የኖረች ሴት ናት፣ የሆነ ምስጢር አላት፤ ከዚያስ? ጠፋች! ስም መውረድ ሲጀምር ነው ደግሞ የምናያት። ፊልም ሆኖ ከመጀመሪያው ቢታሰብ እንዲህ ዓይነት ሰው በዘፈን ብቻ አይሸኝም።

ቦርከና፦
ጦሳ ስር «ተከታታይ ነበር፣ ተከታታይ ነበር» እያለ ሊገድለን ነው። ያ ካርቱን ቶይ ስቶሪ 2 ስ? እሱም በቀጥታ ለቪዲዮ ካሴት ታስቦ ነው የተጀመረው፤ በኋላ ነው ሲኒማ ቤት የገባ። ዛሬ ሰው ከአንደኛው እኩል ያየዋል፣ የሚያስበልጠውም አለ። ከየት ተነሣ ሳይሆን የት ደረሰ ነው።

ጦሳ ስር፦
ቶይ ስቶሪ 2ን ያዳነው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ሠሪዎቹ ፒክሳሮች ያለውን አይተው «ይሄ አይሆንም» ብለው ታሪኩን ከሥር ነቅለው በዘጠኝ ወር ገደማ እንደገና ሠሩት። ሰው ታመመበት፣ እንቅልፍ አጣበት። ያለውን ቀጣጥለው አላወጡትም። የሞአናዎቹ ተከታታዩን ነቅለው ጥለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እኔና አንተ አንጨቃጨቅም ነበር።

ቦርከና፦
ፌብሩዋሪ እስከ ኖቬምበር ስንት ነው? ዘጠኝ ወር! የነሱ ዘጠኝ ወር ተዓምር፣ የነዚህ ዘጠኝ ወር ወንጀል!

መምህር ከወልዲያ፦
ፌብሩዋሪ ላይ የታወጀበት ነው እንጂ ሥራው የተጀመረበት አይደለም፤ ሁለታችሁም ወሩን ተዉት።

የመርሳ ብርቱካን፦
መምህር፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ጣሉ 😂

ሐይቅ ዳር፦
ኦስካሩንስ? የመጀመሪያው በሁለት ዘርፍ ታጭቷል፣ በአኒሜሽንና በዘፈን። ሁለተኛው በዜሮ።

ቦርከና፦
በሁለቱም ዘርፍ ተሸንፎ ተመልሷላ! ታጨ ብላችሁ ዋንጫ ልትሰጡት ነው?

ባቲ ሰኞ፦
ሠርግ ላይ ካልተጠራ የተጠራ ይሻላል።

የሸዋበር እናት፦
ሌላው ቢቀር ካካሞራዎቹን ተናገሩላቸው። የመጀመሪያው ላይ እነዚያ የኮኮናት ቅርፊት ለብሰው የሚያሳድዷቸው ወንበዴ ብቻ ነበሩ፤ መጥተው፣ ተዋግተው፣ ሄዱ። ሁለተኛው ላይ አገራቸው መመለሻ አጥተው፣ ያ ግዙፍ የባሕር ቀንድ አውጣ መንገድ ዘግቶባቸው እንደሆነ እናውቃለን። ሐይቅ ዳር፣ «ክፉ አልነበሩም» ያሰኘህ የመጀመሪያው ብቻ ነው? ይሄስ ምንድነው?

ሐይቅ ዳር፦
ቀንድ አውጣ ሳይሆን ያ እንደ ሳጥን የሚከፈትና የሚዘጋው፣ ባለ ሁለት ልባስ ነው።

የሸዋበር እናት፦
ቅርፊቱን አረምክልኝ፣ ጥያቄውን ዘለልከው!

መምህር ከወልዲያ፦
እህቴ ጥሩ አመጣሽው። ከሁለተኛው ምርጡ ነጥብ እሱ ነው። ሐይቅ ዳር፣ መልስላት።

ሐይቅ ዳር፦
እሺ፣ ልመልስ። እውነት ነው፣ ሐሳቡ አለ። ግን ካካሞራዎቹ አገር እንዳጡ ተነገረን፤ አልቀመስነውም። አንዱን ካካሞራ መርከባቸው ላይ ጭነው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቀልድ ነው። ቴ ፊቲን ግን ሞአና ግንባሯን ግንባሯ ላይ አስደግፋ ነው ያወቀቻት። ያ ሁሉ እሳት ቀስ እያለ ይጠቁራል፣ ድንጋይ ይሆናል፣ ይሰነጠቃል፣ ከስንጥቁ ሣር ይወጣል። ብዙም ሳይነገር ሁሉም ነገር ይገባሃል። እኔ ልዩነቱ የሚታየኝ እዚያ ነው።

ጦሳ ስር፦
እኔ ደግሞ መቅዘፊያው ላይ። ባሕሩ የቴ ፊቲን ልብ ወስዶባት፣ ተስፋ ቆርጣ ወደ ቤት ልትመለስ መቅዘፊያውን ታነሣለች፤ ውሃው ጋ ሊደርስ ሲል እጇ ይቆማል። አይነካም። አያትየዋም አትቆጣትም፤ ለምን እንደቆመች ብቻ ትጠይቃታለች። ሁለተኛውን ስንት ጊዜ አየሁት፣ እጇ የቆመበት ቦታ የለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትሮጣለች።

ቦርከና፦
ሦስት ዓመት ያለፋት ነቅታ የወጣች መሪ ናት፤ ምን ልትቆም? አሁን ጥርጣሬዋ ስለራሷ አይደለም፤ ታናሽ እህቷን ጥላ መሄዷ ነው። ወጥታ ላትመለስ እንደምትችል ታውቃለች። ሲሜያ «ተመልሰሽ ትመጫለሽ?» ብላ ዓይኗን ስታይ ማመንታት አይደለም ያ? መቅዘፊያ ካልያዘች አመነታች አትሉም ማለት ነው?

የሸዋበር እናት፦
ወይኔ ቦርከና! ይሄን ከየት አመጣኸው? ሦስት ለዜሮ!

ባቲ ሰኞ፦
ጥሩ ተናገረ፣ ክዶ አይካድም። ግን ያ ከተሰናበተቻት በኋላ ሲሜያን ለስንት ሰዓት አናያትም? ፊልሙ ራሱ ረሳት።

የመርሳ ብርቱካን፦
ጉዳዩን ከማባሳችሁ በፊት፣ ሦስተኛ ነገር አለ፤ በሰው ተዋናዮች የተሠራው ሞአና ለ2026 ጁላይ ተይዟል። ማዊን ራሱ ድዌይን ጆንሰን ነው የሚጫወተው።

ጦሳ ስር፦
አሥር ዓመት ያልሞላውን ፊልም? በማርያም፣ አሁን እሱን ማንሣት ነበረብህ?

አስተዳዳሪ፦
ጀመዓ፣ ስለ ሦስተኛው ነገ። ዛሬ ስለ ሁለተኛው ጨርሱና ሰው ይተኛ።

ቦርከና፦
በወሬ አያልቅም። እሁድ ኮምቦልቻ እኛ ቤት ልጆቹን ይዛችሁ ኑ፣ ሁለቱንም በትልቁ ቲቪ እናሳያቸው። ልጆቹ ይፍረዱ።

ጦሳ ስር፦
ለምን ኮምቦልቻ? ደሴ ይሁን፤ ፕሮጀክተር አለኝ።

ሐይቅ ዳር፦
ሐይቅ ይሁን፤ ዓሣ አለ።

አቡ ሰልማ፦
ከዙህር በኋላ ከሆነ እኔም ልጆቼን አመጣለሁ። ግን አንደኛውን አስቀድማችሁ አሳዩ፤ ከዚያ ወዲያ እኔ ተነሥቼ እሄዳለሁ።

ቦርከና፦
የለም፣ የለም፣ ሁለተኛው ነው የሚቀድመው! አንደኛውን ያላዩ ልጆች ሰብስበን ሁለተኛውን እናሳያቸው፤ ሳያወዳድሩ ይዩት። ያኔ ነው ፍርዱ ፍርድ የሚሆነው።

ጦሳ ስር፦
አንደኛውን ካላዩማ ማዊ ማን እንደሆነ፣ ባሕሩ ለምን እንደሚታዘዛት በምን ይገባቸዋል?

ቦርከና፦
ሲሜያን አይተው ይስቃሉ፣ ምን ይጎድላቸዋል? እሁድ ስምንት ሰዓት፣ ኮምቦልቻ።

ጦሳ ስር፦
ደሴ።